እግር ሲደክም ጭንቅላት ይሮጣል፤ ሽማግሌው አጥቂ ሮጀር ሚላ

አንባቢ ሆይ፤ ለአንድ አፍታ የአንድ ብሔራዊ የእግር ኳስ ቡድን አሠልጣኝ እንደ ሆኑ አድርገው ያስቡ። ቡድንዎ በዓለም ዋንጫ ውድድር ላይ ነው። ከጨዋታው 58 ደቂቃ አልፏል፤ ጐል ግን ከሁለቱም ወገን የለም። በጊዜው ደንብ መሠረት በአንድ ግጥሚያ ውስጥ መለወጥ የሚችሉት ሁለት ተጫዋች ብቻ ነው። ከጐንዎ ባለው አግዳሚ ወንበር ላይ ሮጠው የማይጠግቡ ወጣቶች ተቀምጠዋል። ከነሱም መካከል አንድ የ38 ዓመት ሰው አለ። ይህ ሰው ከብሔራዊ ቡድን ተሰናብቶ፤ በሕንድ ውቅያኖስ ውስጥ በምትገኝ በአንዲት ደሴት ለአንድ አነስተኛ ቡድን ሲጫወት የከረመ ነው። እንግዲህ ማንን ያስገባሉ?

«ኳስ የወጣት ሥራ ነው፤ ሽማግሌው ይረፍ» እንደሚሉ እገምታለሁ። እኔም ብሆን እንዲሁ እል ነበር። ነገር ግን ሰኔ 7 ቀን 1982 ዓ.ም. (በአውሮፓውያን አቆጣጠር 1990) በኢጣልያ አገር በባሪ ከተማ፤ የካሜሩን አሠልጣኝ የነበረው የሶቪየት ኅብረት ሰው ቫለሪ ኔፖምኒያሺ ሽማግሌውን አስገባ። ሽማግሌውም በ76ኛውና በ86ኛው ደቂቃ ሁለት ጐል አገባ፤ ካሜሩንም ሩማንያን 2 ለ 1 አሸነፈች።

የዚህ ሰው ስም ሮጀር ሚላ ይባላል። በዚያን ዕለት ዕድሜው 38 ዓመት ከ25 ቀን ነበር። ከዚያ በፊት በዓለም ዋንጫ ጐል ካገቡት ሰዎች ሁሉ በዕድሜ ይበልጥ የነበረው የስዊድኑ ጉናር ግሬን ሲሆን፤ እሱም በ1950 ዓ.ም. ሲያገባ ዕድሜው ገና 37 ነበር።

ይህን የቆየ ታሪክ ዛሬ የማነሣው ውጤቱን ለማስታወስ ብቻ አይደለም። ውጤቱንማ ከማንኛውም መዝገብ ያገኙታል። እኔ የምፈልገው አንድ ጥያቄ ከእርስዎ ጋር ለመመርመር ነው። ያ ሰው ወጣቶቹ ያልነበራቸው ምን ነበረው?

ከደሴት የተጠራው ሰው

ሚላ የተወለደው ግንቦት 12 ቀን 1944 ዓ.ም. በካሜሩን ዋና ከተማ በያውንዴ ነው። ባገሩ ቡድኖች ተጫውቶ ስሙ ከታወቀ በኋላ፤ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1976 «ፍራንስ ፉትቦል» የተባለው የፈረንሳይ መጽሔት የአፍሪካ ምርጥ ተጫዋች ብሎ ሸለመው። በሚከተለው ዓመት ወደ ፈረንሳይ ተሻግሮ ለቫለንሲየን፤ ለሞናኮ፤ ለባስቲያ፤ ለሴንት ኤቲየንና ለሞንፔልዬ በየተራ ተጫወተ። በ1981 ባስቲያ የፈረንሳይን ዋንጫ ሲወስድ በመጨረሻው ግጥሚያ ካገባቸው ሁለት ጐሎች አንዷ የሚላ ነበረች። በ1984ና በ1988 ካሜሩን የአፍሪካን ዋንጫ ስትወስድም እሱ ከቡድኑ ጋር ነበር።

ከዚህ ሁሉ ድል መካከል ግን አንድ ያልተዘጋ ሒሳብ ነበረው። በ1982 ካሜሩን ለመጀመሪያ ጊዜ ለዓለም ዋንጫ ወደ እስፓኝ በሄደች ጊዜ ከፔሩ፤ ከፖላንድና ከኢጣልያ ጋር ተጋጥማ በሦስቱም አቻ ወጣች። አንድ ጊዜ እንኳ ሳትሸነፍ ወደ አገሯ ተመለሰች። ኢጣልያም እንደሷ ሦስቱንም አቻ ወጥታ ነበር፤ ነገር ግን አንድ ጐል አብልጣ በማግባቷ ብቻ አልፋ በመጨረሻ ዋንጫውን ወሰደች። ሚላ ያን ጊዜ የ30 ዓመት ሰው ነበር። አንድ አጥቂ በዚያ ዕድሜ ላይ ሆኖ «ሌላ ጊዜ አገኛለሁ» ብሎ መጽናናት አይሆንለትም።

ከዚያም ዓመታት አለፉ። ሚላ ከብሔራዊ ቡድን ተሰናበተ፤ ሬዩኒየን ወደምትባለው ደሴትም ሄዶ ኳሱን በዝግታ ይጫወት ጀመር። የ1990 ዓለም ዋንጫ ሲቃረብ ግን የካሜሩኑ ፕሬዚዳንት ፖል ቢያ ራሳቸው ስልክ ደውለው ተመልሶ እንዲጫወት ጠየቁት። ጥሪው ሁሉን አላስደሰተም። ለውድድሩ ሲለፉ ከቆዩት ተጫዋቾች መካከል ቅር የተሰኙ ነበሩ፤ በነሱ ቦታ ሆነን ብናየው ቅሬታቸው የሚያስወቅስ አይደለም። ባንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ጡረታ የወጣ ሰው በበላይ ትእዛዝ ተመልሶ ወንበር ቢያዝለት እርስዎስ ደስ ይልዎት ነበርን?

አሠልጣኙ ግን ነገሩን በብልኀት ያዘው። በዚያ ዋንጫ ሚላን አንድ ጊዜም ቢሆን ከመጀመሪያው ደቂቃ አላሰለፈውም። ባላጋራ ሲደክምና ጨዋታው ሲላላ ያስገባው ነበር። ሚላ በውድድሩ ያገባቸውን አራቱንም ጐሎች ያገባው ተለውጦ እየገባ ነው።

የጊዜ ሒሳብ

አሁን ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። ከዘጠናው ደቂቃ ውስጥ አንድ ተጫዋች ኳስ በእግሩ የሚይዝበት ጊዜ ቢደመር ከጥቂት ደቂቃ አይበልጥም። የቀረውን ጊዜ ሁሉ የሚጫወተው ያለ ኳስ ነው። የት ልቁም? መቼ ልነሣ? ይህ ተከላካይ ወደየት ያዘነብላል? እያለ ያስባል፤ ወይም ሳያስብ ይሮጣል።

አንድ ቀላል ሒሳብ ይሥሩ። አንድ ፈጣን ተከላካይ በሰከንድ ስምንት ሜትር ይሮጣል እንበል። አጥቂው እንደ እሱ ባይፈጥንም፤ ኳሷ የምታርፍበትን ቦታ ቀድሞ አውቆ በግማሽ ሰከንድ ብቻ ቢቀድመው፤ ተከላካዩ አራት ሜትር ተበልጧል ማለት ነው። አራት ሜትር በጐል አጠገብ ሰፊ አገር ነው። ተመልካቹ ከሩቅ ሆኖ «አቤት ፍጥነት!» ይላል። ነገር ግን ያየው ፍጥነት አይደለም፤ አስቀድሞ ማወቅ ነው።

አባቶቻችን «ከመሮጥ ማንጋጠጥ» ይላሉ። እነሱ ይህን የሚሉት ወደ ፈጣሪ ስለ ማንጋጠጥ ነው። በኳስ ሜዳም ቢሆን ግን ምሳሌው ይሠራል። ቀና ብሎ የሚያይ ሰው፤ አንገቱን ደፍቶ ከሚሮጠው ይቀድማል።

በሩማንያ ላይ የገባችውን የመጀመሪያ ጐል ይመልከቱ። ኳሷ ከፍ ብላ መጣች። ተከላካዩ አንዶኔና ሚላ እኩል ደረሱባት። ሚላ በሩጫ ሊበልጠው አልሞከረም። በሰውየውና በኳሷ መካከል ሰውነቱን አስገባ፤ በትከሻውም ቦታውን ያዘ። አንዶኔ ወደቀ፤ ሚላ ግን በእግሩ ቆሞ ቀረና ኳሷን ከበረኛው አሳልፎ አገባት። በመረብ ውስጥ ያረፈችው ኳስ የጉልበት ሥራ ትመስላለች። ነገሩ ያለቀው ግን ኳሷ ገና በአየር ላይ ሳለች ነው።

የባላጋራን ልማድ ማጥናት

ካሜሩን በሚቀጥለው ጨዋታ በሶቪየት ኅብረት 4 ለ 0 ብትሸነፍም ከምድቧ አንደኛ ሆና አለፈች። ሰኔ 16 ቀን በናፖሊ ከኮሎምቢያ ጋር ተጋጠመች።

የኮሎምቢያ በረኛ ሬኔ ኢጊታ እንደ ሌሎች በረኞች አልነበረም። ከጐሉ ርቆ ይወጣል፤ ኳስ በእግሩ ይጫወታል፤ የሚመጣበትን አጥቂ አታሎ ያልፋል። ቡድኑም ይህን እንደ አንድ ዘዴ ይጠቀምበት ነበር፤ በረኛው እንደ አንድ ተጨማሪ ተከላካይ ይቈጠራልና። ዓለም ሁሉ ይህን ያውቃል፤ ያጨበጭብለትማል። ሚላ ደግሞ ከኮሎምቢያው አለቃ ከካርሎስ ቫልዴራማ ጋር በሞንፔልዬ አብሮ የተጫወተ ሰው ስለ ሆነ፤ የኮሎምቢያ ኳስ ለእሱ ባዕድ አልነበረም።

ዘጠና ደቂቃው ያለ ጐል አለቀ። በጭማሪው ሰዓት በ106ኛው ደቂቃ ሚላ ከኦማም ቢይክ የተቀበላትን ኳስ ይዞ በሁለት ተከላካዮች መካከል አለፈ፤ ሊጠልፈው ከተወረወረው እግር በላይ ዘለለና በግራ እግሩ አገባት። ሁለት ደቂቃ ያህል እንዳለፈም ዓለም እስካሁን የሚያስታውሰው ነገር ሆነ። ኢጊታ ከጐሉ በጣም ርቆ ወጥቶ ኳሷን ከራሱ ተከላካይ ተቀበለ፤ እንደ ልማዱም ሚላን ሊያታልል ሞከረ። ሚላ ግን አልተታለለም። ኳሷን ነጥቆት ወደ ባዶው ጐል ሮጠ፤ ኢጊታ ከኋላው ተከተለው፤ አልደረሰበትም።

አንባቢ ሆይ፤ ይህን ጐል «የበረኛው ስሕተት» ብለው የሚያልፉት ሰዎች ብዙ ናቸው። ስሕተትስ ስሕተት ነው። ነገር ግን ስሕተት የሚጠቅመው ስሕተቱ በሚሠራበት ቦታ ቀድሞ ለተገኘ ሰው ብቻ ነው። አንድ ሰው አንድ ነገር ደጋግሞ የሚያደርግ ከሆነ፤ አንድ ቀን ያንኑ በማያዋጣው ቦታ ያደርገዋል። ያን ቀን የሚጠብቅ ሰው ያስፈልጋል። ኮሎምቢያ ኋላ አንድ ጐል ብታገባም ካሜሩን 2 ለ 1 አሸነፈች። ሚላም በማዕዘኑ ባንዲራ አጠገብ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ ሲጨፍር የተነሣው ፎቶግራፍ በየአገሩ ጋዜጣ ላይ ወጣ።

ከጐሎቹ ሁሉ የምትበልጠው ኳስ

እንግዲህ ከሚላ ጨዋታዎች ሁሉ አንዱን ብቻ ምረጥ ብባል፤ የምመርጠው ጐል ያላገባበትን ነው። ይኸውም ሰኔ 24 ቀን በናፖሊ ከእንግሊዝ ጋር የተደረገው የሩብ ፍጻሜ ግጥሚያ ነው። ከዚያ በፊት ከአፍሪካ ወደዚህ ደረጃ የደረሰ ቡድን አልነበረም። ካሜሩን በዚያ ቀን አራት ተጫዋቾቿን በቅጣት ምክንያት ማሰለፍ አልቻለችም። እስከ ዕረፍቱም እንግሊዝ 1 ለ 0 ትመራ ነበር።

ከዕረፍት መልስ ሚላ ገባ። በ61ኛው ደቂቃ በፔናልቲ ክልል ውስጥ ኳስ ይዞ ሲዞር የእንግሊዙ ጋስኮይን ጠለፈው፤ ኩንዴ ፔናልቲውን መትቶ አገባ። አራት ደቂቃ ቆይቶ ደግሞ ሚላ ከፔናልቲው ክልል ፊት ለፊት ኳስ አገኘ። የእንግሊዝ ተከላካዮች ዓይን ሁሉ በእሱ ላይ ሆነ። በዚህ ጊዜ አንድ ወጣት አጥቂ ምን ያደርጋል? ወይ ይመታል፤ ወይ ለማለፍ ይሞክራል።

ሚላ ግን ጠበቀ። ከጠበቀባት ጊዜ የምትበልጠው የዐይን ጥቅሻ ብቻ ናት፤ ነገር ግን በዚያች ጊዜ ውስጥ ተከላካዮቹ ወደ እሱ ቀረቡ፤ ከኋላቸውም ባዶ ቦታ ተከፈተ። ገና ተለውጦ የገባው ዩጂን ኤኬኬ ወደዚያ ባዶ ቦታ ሲሮጥ፤ ሚላ ኳሷን በተከላካዮቹ መካከል ሰደደለት። ኤኬኬም ሳያቆም ከወጣው በረኛ በላይ ከፍ አድርጎ አገባት። ካሜሩን 2 ለ 1 መራች።

ይህን ነው እኔ ፈጠራ የምለው። ፈጠራ ማለት ኳስ በእግር ማሽከርከር ብቻ አይደለም። ሌሎች ያላዩትን ቦታ ማየት፤ ያ ቦታ እስኪከፈት መታገሥ፤ በተከፈተም ጊዜ ክብሩን ለሌላው መስጠት ነው። መታገሥ ደግሞ ከመሮጥ ይከብዳል። የሮጠ ሰው ባይሳካለትም «ለፍቷል» ይባላል። የጠበቀ ሰው ካልተሳካለት ግን «ሰነፍ» ወይም «አርጅቷል» ይባላል። የዕድሜ ባለጸጋ የሆነ ተጫዋች የሚሸከመው አደጋ ይህ ነው።

ልብ ይበሉ፤ ኤኬኬ ባይኖር ያች ኳስ የትም አትደርስም ነበር። የሽማግሌው ጭንቅላት የወጣት እግር አስፈለገው። ቅር ብሏቸው የነበሩት ወጣቶች ሮጡለት፤ እሱም ኳስ አቀበላቸው። ለኔ የዚያ ቡድን ትልቁ ድል ይህ ነው።

መጨረሻው ግን ደስ የሚል አልነበረም። ጨዋታው ሊያልቅ ሰባት ደቂቃ ሲቀረው ካሜሩኖች በራሳቸው ፔናልቲ ክልል ውስጥ አጥቂ ጠለፉ፤ ሊኔከር ፔናልቲውን አገባ። በጭማሪው ሰዓትም እንደ ገና ያንኑ ስሕተት ደገሙ፤ ሊኔከርም ደገመ። እንግሊዝ 3 ለ 2 አሸነፈች። ከፊት ያለው የአንዱ ሰው ማስተዋል ከኋላ ያሉትን ሰዎች ችኰላ ሊያድን አልቻለም።

ለአፍሪካ የቀረው ነገር

በዚያ ዘመን «የአፍሪካ ተጫዋች ጉልበትና ደስታ እንጂ ዘዴ የለውም» የሚሉ ሰዎች በአውሮፓ ብዙ ነበሩ። የነሱን አፍ የዘጋው ከሁሉ ይልቅ ጉልበቱ ያለቀበት ሰው መሆኑ ያስደንቃል።

ለአፍሪካ በዓለም ዋንጫ ቦታ ለማግኘት የተደረገው ትግል ረጅም መሆኑን እርስዎም ያውቁ ይሆናል። በ1966 አንድም የተረጋገጠ ቦታ ስላልተሰጣቸው የአፍሪካ አገሮች በውድድሩ አንሳተፍም አሉ። ይህን ትግል ከመሩት ሰዎች አንዱ የኛው ይድነቃቸው ተሰማ ነበሩ። እሳቸውም በወጣትነታቸው የቅዱስ ጊዮርጊስ አጥቂ ሆነው የተጫወቱ ናቸው። በ1970 አንድ ቦታ፤ በ1982 ሁለት ቦታ ተገኘ። ከካሜሩን የ1990 ውጤት በኋላ ደግሞ በ1994 ሦስት ሆነ። ይድነቃቸው ግን በ1979 ዓ.ም. ስላረፉ የናፖሊን ጨዋታ ለማየት አልታደሉም።

ሚላ በ1990 እንደ ገና የአፍሪካ ምርጥ ተጫዋች ተባለ። በ1994ም በአሜሪካ በተደረገው ዋንጫ ላይ ተሰለፈ። ሰኔ 21 ቀን 1986 ዓ.ም. ከሩስያ ጋር በተደረገው ግጥሚያ ከዕረፍት በኋላ ገብቶ ወዲያው አንድ ጐል አገባ። ዕድሜው 42 ነበር። እስከ 2022 በተደረጉት የወንዶች የዓለም ዋንጫዎች ሁሉ በዚያ ዕድሜ ጐል ያገባ ሌላ ሰው አልተገኘም። ነገር ግን እውነቱን እንናገር፤ ካሜሩን በዚያ ቀን 6 ለ 1 ተሸነፈች፤ ሳሌንኮ የሚባለው ሩስያዊ ብቻውን አምስት አገባ። ዕድሜ በራሱ ዕውቀት አይደለም፤ ዕውቀትም ሁልጊዜ ድል አይሆንም።

ለእርስዎ

ምናልባት ዕድሜዎ ሃያ ወይም ሃያ አምስት ይሆናል፤ በትምህርት ቤት ወይም በመሥሪያ ቤት አዲስ ነዎት። «የሠላሳ ስምንት ዓመት አጥቂ ታሪክ ለኔ ምን ያደርግልኛል?» ይሉ ይሆናል። አንድ ነገር ብቻ ልንገርዎ። ሚላ ያን ማስተዋል በ38 ዓመቱ ከደሴቷ ላይ አንሥቶ አላመጣውም። በያውንዴ ሜዳ፤ በፈረንሳይ ብርድ፤ በእስፓኝ ቅሬታ ጊዜ ጥቂት በጥቂት ያጠራቀመው ነው። እግሩ ፈጣን በነበረበት ዘመን ዓይኑን ባያሠራው ኖሮ፤ እግሩ ሲደክም የሚተካው ነገር አያገኝም ነበር። ቀና ብሎ ማየትን የሚማሩት ገና መሮጥ ሲችሉ ነው።

በመሥሪያ ቤትዎም ምናልባት በመዝገብ ቤቱ አንድ ጥግ ተቀምጠው ቀስ ብለው የሚሠሩ አንድ አረጋዊ ይኖራሉ። እርስዎ ሦስት ቢሮ ሮጠው ያላገኙትን ፋይል እሳቸው ከወንበራቸው ሳይነሡ «በዚያኛው መደርደሪያ፤ ከታች» ብለው ያሳዩዎታል። በዝግታቸው ከመሣቅ በፊት እንዴት እንዳወቁት ይጠይቋቸው።

በሚመጣው እሑድም ወደ ኳስ ሜዳ ከሄዱ አንድ ነገር ይሞክሩ። ለዐሥር ደቂቃ ያህል ኳሷን ይተዉና፤ ኳስ ያልያዘውን አንድ በዕድሜ የገፋ አጥቂ ብቻ ይመልከቱ። የት እንደሚቆም፤ መቼ ዘወር ብሎ እንደሚያይ፤ ማን እንደሚከተለው ይከታተሉ። ጐሉ ሲገባ ሕዝቡ ሁሉ «እንዴት እዚያ ተገኘ?» ሲል፤ መልሱን ከሁሉ በፊት የሚያውቁት እርስዎ ይሆናሉ።